«ሰሙ» ብዬ የጻፍኩት ማስታወሻ

ነቀምቴ በሠራሁባቸው ዓመታት የጻፍኳቸውን ዜናዎች አብዛኞቹን ረስቻቸዋለሁ። የመኸር ምርት፣ የመሠረተ ትምህርት ዙር፣ የገበሬ ማኅበራት ስብሰባ፤ በስልክ ወደ አዲስ አበባ አነበብኳቸው፣ እዚያ ያለው ባልደረባዬ እየደገመ ጻፋቸው፣ አለቀ። ቃል በቃል የማስታውሰው የትም ያልታተመ፣ ከኪስ ደብተሬ ቀድጄ ለአንድ ሰው የሰጠሁትን አንድ ገጽ ነው። በዚያ ገጽ ላይ የጻፍኳት ባለሁለት ፊደል ቃል ሰውየው ሕክምናቸውን ትተው እንዲቀሩ ልታደርጋቸው ነበር።

ሰውየው ሰዓት ሠሪ ነበሩ። ሱቃቸው በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ የጉራጌ ነጋዴ የጨርቅ መደብር ጎን የተለጠፈች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ክፍል ነበረች። የተዋወቅነው በእጅ ሰዓቴ ምክንያት ነው። እየሮጠች ታስቸግረኝ ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ይዣት ስሄድ ከፍተው እንኳ አላዩዋትም።

«ስታወልቃት የት ነው የምታስቀምጣት?» አሉኝ።

«ከቴፑ አጠገብ።»

«የቴፑ ድምፅ ማጉያ ማግኔት አለው። ሰዓትህ አልታመመችም፣ ጎረቤቷ ነው ያስቸገራት።»

ማግኔቱን እንዲያስለቅቃት ሽቦ በተጠመጠመበት ክብ ዕቃ ውስጥ አሳልፈው ቀስ ብለው አወጧትና መለሱልኝ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ሲቀዘቅዝ እዚያ መቀመጥ ለመድኩ። ከመክፈቱ በፊት የሚጠይቅ ባለሙያ ደስ ይለኛል።

በሽታው የጀመራቸው ከዓይናቸው ነው። አንዱ ብሎን ሁለት ሆኖ ይታያቸው ጀመር። ቀጥሎ ጠዋት ጠዋት የራስ ምታት፣ ቀጥሎ የግራ እጃቸው ጣቶች መዛል። አንድ ጊዜ መለዋወጫ ገዝተው ከአዲስ አበባ ሲመለሱ፣ አውቶቡሱ አኖ ከተማ ላይ ቆሞ ተሳፋሪው ሲወርድ ከደረጃው ወደቁና ተንቀጠቀጡ። ራሳቸውን ሲያውቁ አንዲት የማያውቋት ሴት ክብሪት እየጫረች ጢሱን ታሸታቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ሐኪም ቤት መመላለስ ሆነ። አዲስ አበባ የራስ ቅል ራጅ ተነሡ። ራጁ አጥንቱን አሳየ፤ ከአጥንቱ ጀርባ ያለውን ግን አላሳየም። በመጨረሻ የሕክምና ቦርዱ ወደ አንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር ሄደው፣ በአዲስ መሣሪያ ታይተው እንዲታከሙ ወሰነላቸው። የስምምነት ቅጹ ነቀምቴ ሆስፒታል መጥቶ ተቀምጧል። እስከ ዓርብ ካልፈረሙ ዕድሉ ለተከታዩ በሽተኛ ይተላለፋል። የሆስፒታሉ ዶክተር ለእኔ ሲነግረኝ ቃሉን አላለሳለሰም፤ ራሳቸው ውስጥ የሚያድግ ነገር አለ፣ ካልተገኘና ካልወጣ መጀመሪያ ዓይናቸውን፣ ቀጥሎ ሕይወታቸውን ይወስዳል አለ።

ሌላም ማወቅ የሚያስፈልግ ነገር አለ። ሰዓት ሠሪው እንደ ከተማው ብዙ ሰው የወንጌል አማኝ ነበሩ። የጸሎት ቤታቸው በመንግሥት ከታሸገ ቆይቷል። ከታሸገ በኋላ ሰዎቹ የት እንደሚሰበሰቡ ጠይቄ አላውቅም። ጋዜጠኛ ሆኜ ሳልጠይቅ ካለፍኳቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ያላወቅሁትን መደበቅ አይኖርብኝም ነበር።

ስለ መሣሪያው እንዳጣራ የጠየቁኝ ባለቤታቸው ናቸው። «አንተ መጠየቅ ሥራህ አይደል?» አሉኝ። «ጠይቅልን። ዶክተሩ ሲነግረን ኤዬ ኤዬ፣ አዎ አዎ እንላለን፣ ቤት ስንገባ ምንም የለም።»

ዶክተሩ ጎጃም ተወልዶ ያደገ፣ ገና ከትምህርት የወጣ ወጣት ነበር። ቢሮው ሄጄ ደብተሬን ስከፍት እንደ ሥራ ጉዳይ ቆጠረውና ወንበሩን አስተካከለ።

«መሣሪያውን አይተኸዋል?» አልኩት።

«በመጽሔት።»

ይህን ጻፍኩ። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ መጽሔቱን አወጣና ያስረዳኝ ጀመር። ሰውየው እንደ ትልቅ ቱቦ ባለ ማግኔት ውስጥ ይተኛል። ራጅ አይደለም። ሰውነታችን አብዛኛው ውሃ ነው። በውሃው ውስጥ እጅግ ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ እያንዳንዱ እንደ ኮምፓስ መርፌ ነው፤ ማግኔቱ ያሰልፋቸዋል።

«እንደ አብዮት በዓል» አልኩ።

ዶክተሩ በሩን አየት አደረገ። «እኔ እንደ ኮምፓስ ነው ያልኩት» አለ።

ቀጠለ። በተሰለፉት ላይ የሬዲዮ ሞገድ ይለቀቅባቸዋል። ያን ጊዜ ከሰልፍ ይወጣሉ። ሞገዱ ሲቋረጥ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፤ ሲመለሱም በተራቸው ደካማ ሞገድ ያወጣሉ።

«ውሃ ሬዲዮ ያሰራጫል?»

«ያሰራጫል በል።»

«በል አትበለኝ። ያሰራጫል ወይስ አያሰራጭም?»

ሳቀ። «ያሰራጫል። በጣም ደካማ ነው፣ ግን ያሰራጫል። የታመመው ቦታ ያለው ውሃ ከጤነኛው በተለየ ፍጥነት ነው የሚመለሰው። ኮምፒዩተሩ ያንን ልዩነት ወደ ጥቁርና ነጭ ይለውጠዋል።»

ሬዲዮ የዕለት ሥራዬ ነው። ሰው በገዛ ራሱ ውስጥ እንዲህ ያለ ጣቢያ ተሸክሞ እንደሚዞር ግን ያን ቀን ነው የሰማሁት። ብዙ ጠየቅሁት። ሲሠራ ለምን ይንኳኳል? ለምን ረጅም ጊዜ ይፈጃል? ብረት ያለበት ሰው ምን ይሆናል? የሚያውቀውን መለሰ፤ የማያውቀውን አላውቅም አለ። እንዲህ ያለ ምንጭ በሥራዬ ብዙ አላጋጠመኝም።

እዚህ ላይ ስለ ደብተሬ መናገር አለብኝ። ነቀምቴ ስደርስ ኦሮምኛ አልችልም ነበር፤ በገበያና በቢሮ ደጃፍ እየሰማሁ ተማርኩ። ያን ጊዜ ኦሮምኛም የሚጻፈው በእኛው ፊደል ስለነበረ ሁለቱ ቋንቋዎች ደብተሬ ላይ ተቀላቅለው ይሄዱ ነበር። ፈጥኖ የመጣልኝን ቃል እጽፋለሁ። ያን ቀን ስለ አንጎል ስጽፍ ግን ፈጥኖ የመጣልኝን ሳይሆን አስቤ ነው የመረጥኩት። «አእምሮ» ብዬ ብጽፍ፣ በከተማው አነጋገር የአእምሮ በሽተኛ ማለት ያበደ ሰው ነውና ሰውየው ይከፋሉ። «አንጎል» ደግሞ ሥጋ ቤት ሥጋ ቤት አለኝ። ስለዚህ ኦሮምኛውን ወሰድኩ፤ ሰሙ። «መ»ን ጠበቅ አድርገው ሲሉት በራስ ቅል ውስጥ ያለው ሁሉ ነው። ጨዋ ቃል ነው፣ አጭርም ነው። ጥሩ ምርጫ ነው ብዬ ነበር።

ደብተሬ ጠባብ ስለሆነች መስመሮቹ ባልተጠበቀ ቦታ ይሰበሩ ነበር። ገጹ ይህን ይል ነበር፤

ትልቅ ማግኔት። ሰው ውስጡ ይተኛል
ሬዲዮ ሞገድ ወደ ራስ ይላካል
ራስ መልስ ይሰጣል። ሰሙ
በቴሌቪዥን ቁርጥ ቁርጥ ሆኖ ይነበባል
ምንም መደበቅ የለም። ብረት
መነቃነቅ ክልክል። ይንኳኳል። አያምም

በማግስቱ የመንግሥት እርሻውን የአዝመራ ሥራ ለመዘገብ ወደ አንገር ጉቲን መሄድ ነበረብኝ። መኪናው ደጅ ሞተሩን ሳያጠፋ እየጠበቀኝ ወደ ሱቋ ገባሁና ገጹን ቀድጄ ሰጠኋቸው። ደንበኛ ይዘው ነበር። «ኦቦ፣ ሁሉም እዚህ ላይ አለ፤ የሚያስፈራ ነገር የለውም» ብያቸው ወጣሁ።

ቆላው መንገድ ዝናብ ይዞት መኪናው ሁለት ቦታ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ያሰብኩት ሁለት ቀን ስድስት ቀን ሆነ። ሐሙስ ረፋዱ ላይ ነቀምቴ ስገባ ጫማዬን ሳልጠርግ ባለቤታቸው መንገድ ላይ አገኙኝ። «አካም ጂርታ» እንኳ አላሉኝም።

«ምንድነው የሰጠኸው?» አሉኝ። «ያንተን ወረቀት ካነበበ ጀምሮ አልሄድም ብሏል። ቅጹን ዶክተሩ ፊት ገፋው። ለምን ስለው ‹የሰው ቤት አላፈርስም› ይለኛል። የማን ቤት? የኔን ቤት እያፈረሰ!»

አብረን ወደ ሱቋ ሄድን። ሰዓት ሠሪው በአንድ ዓይናቸው ማጉያቸውን ሰክተው ተቀምጠዋል፤ እጃቸው ላይ ግን ምንም ሰዓት አልነበረም።

«ኦቦ፣ አልሄድም አሉ ይባላል።»

«በሩን ገርበብ አድርገው» አሉኝ። አደረግሁ። ማጉያውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። እዚያ ሲያስተኙ ጥያቄ ይጠይቃሉ?»

«የምን ጥያቄ?»

«እንጃ። የት ትውላለህ። ማን ቤት ትሄዳለህ። ከማን ጋር ትዘምራለህ።»

«ሕክምና እኮ ነው፣ ኦቦ።»

«የጻፍከው አንተ ነህ።»

የሰዓት መስታወት ከሚያስቀምጡበት ቆርቆሮ ውስጥ ገጼን አወጡ። አራት ላይ ታጥፏል። ዘርግተው፣ ዜና እንደሚያነብ ሰው ድምፃቸውን አስተካክለው አነበቡልኝ። «‹ሬዲዮ ሞገድ ወደ ራስ ይላካል። ራስ መልስ ይሰጣል። ሰሙ! በቴሌቪዥን ቁርጥ ቁርጥ ሆኖ ይነበባል። ምንም መደበቅ የለም።›» ወረቀቱን አስቀመጡት። «እኔ ብቻ ብሆን ግድ የለኝም ነበር። የእኔ ራስ ውስጥ ግን የሌላ ሰው ቤት አለ። የብዙ ሰው ቤት።»

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ አእምሮዬ ቀርፋፋ ነው። «ማን ሰማ?» አልኳቸው።

«እኔ ልጠይቅህ እንጂ! ማን ነው የሰማው? ሰሙ ብለህ ጽፈህ ማን እንደሰማ አልጻፍክም። ፈርተህ መስሎኝ።»

ወረቀቱን አነሣሁና የገዛ ጽሑፌን አየሁት። ያኔ ገባኝ። «ሰሙ እኮ ነው!» አልኩ፤ «መ»ን አጥብቄ፣ ግንባሬን በጣቴ እየመታሁ። አማርኛውም ግን ይጠብቃል። እሳቸው ፍጥጥ ብለው አዩኝ።

«ይኸው! እኔም ሰሙ ነው ያልኩት።»

«በኦሮምኛ ነው የጻፍኩት! ሱራ ሰሙ! የሰሙ ፎቶ! መደበቅ የለም ያልኩትም ብረት ነው!»

መጀመሪያ የሳቁት ደጃፉ ላይ የቆሙት ባለቤታቸው ናቸው። ግድግዳውን ይዘው ሳቁ። «ማል ጄቴ!» አሉ፤ ምን አልክ ማለታቸው ነው። «በአማርኛ ጀምሮ፣ በኦሮምኛ ዘልሎ፣ በአማርኛ ጨረሰ! ይሄ ሰው እንዲህ እየጻፈ ነው መንግሥት የሚቀጥረው?»

ሰዓት ሠሪው ገጹን እንደገና አነበቡት። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። «እንኳንም ራስን ‹መታ› ብለህ አልጻፍክ» አሉ በመጨረሻ። በኦሮምኛ መታ ማለት ራስ ነው። «ሰምተው ሲያበቁ ይደበድባሉ ብዬ ሌሊቱን በጫካ እጠፋ ነበር።»

ሦስታችንም ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ግን ቅጹ ይፈረማል ብዬ ስጠብቅ እሳቸው ጣታቸውን «ሰሙ» ላይ አሳረፉ።

«ቆይ ግን» አሉ። «በኦሮምኛም ቢሆን እኮ አልዳንኩም። ሰሙ ሥጋው ብቻ አይደለም። ማሰቡም ሰሙ ነው። ጎበዝ ሰው ሲሆን ሰሙ አለው እንላለን። ታዲያ ሰሙን ካዩት ማሰቡን አያዩትም?»

እውነቱን ለመናገር አላውቅም ነበር። አያዩም ብላቸው ያምኑኝ ይሆናል፤ ግን አንድ ጊዜ ባልተጣራ ቃል አሳስቻቸዋለሁ። «አላውቅም» አልኳቸው። «እንሂድና የሚያውቀውን እንጠይቅ።»

ዶክተሩ በሽተኛ አስወጥቶ ወዲያው አስገባን። ምን እንደተፈጠረ ነገርኩትና ገጹን ሰጠሁት። እሱም ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው፤ ግን ሁለታችንም ባላሰብነው መንገድ፣ «መ»ን አላልቶ። «‹ሰሙ በቴሌቪዥን ቁርጥ ቁርጥ ሆኖ...› የምን ሰም ነው? የጧፍ?»

«ሦስተኛው!» አሉ ሰዓት ሠሪው። «እኔ መስማት፣ እሱ ጭንቅላት፣ እርስዎ ጧፍ። ዶክተር፣ እባክዎ ይህን ሰው ደብተር ይከልክሉልኝ።»

ዶክተሩ መጽሔቱን አውጥቶ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። እኔ አይቼው ነበር፤ መሃል ለመሃል የተቆረጠ ጥቅል ጎመን ይመስላል። ሰዓት ሠሪው ማጉያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሰኩና ጎንበስ አሉ። ረጅም ጊዜ አዩት። አንዳንዴ የሚታያቸው ሁለት ስለሆነ ሌላውን ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ።

«ይህ የማን ነው?»

«አይታወቅም። ስሙ አልተጻፈም።»

«ወንድ ነው ሴት?»

ዶክተሩ አየው። «ከዚህ ብቻ መለየት አልችልም።»

«ሲያነሡት ምን ያስብ ነበር?»

«አይታወቅም።»

«አማኝ ነው?»

ዶክተሩ እንደገና በሩን አየ። «እሱም አይታወቅም» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አባቴ፣ ይህ የሚያሳየው ቅርጽ ነው። የት ውሃ አለ፣ የት አብጧል፣ የት ተገፍቷል። ሌላ አይደለም።»

ሰዓት ሠሪው ቀና አሉ። «የሰዓት ጀርባ ሲከፈት» አሉ፣ ለእኔም ለእሱም ሳይሆን ለራሳቸው፣ «ጥርሱ ሲዞር አያለሁ። የተሰበረውን አያለሁ። ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን አላይም። እሱ ያለው በፊቱ በኩል ነው።»

ነገሩ በዚህ ሊያልቅ ይችል ነበር። ግን የሙያ ልማድ አለብኝ፤ አንድ ጥያቄ አስከትዬ ሳልጠይቅ አልነሣም። «ወደፊትስ?» አልኩት ዶክተሩን። «መሣሪያው እየተሻሻለ ሲሄድ የሚታሰበውን ማየት ይችላሉ?»

የሰዓት ሠሪው ባለቤት ክንዴን ቆነጠጡኝ። ዶክተሩ ግን ሳያስብ አልመለሰም። «ሰው ሲያስብ ደም ወደየት እንደሚሄድ የሚያጠኑ አሉ» አለ። «ነገ የሚሆነውን ግን አልናገርም። ዛሬ ያለው ይህ ነው።»

 ጥያቄውን መጠየቄ አሳፈረኝ፤ ባልጠይቀው ግን ደግሞ ሌላ ዓይነት ሐፍረት ነበር።

«ዛሬ ያለው ይበቃኛል» አሉ ሰዓት ሠሪው። «ቀነ ገደቡ ነገ ነው። ቅጹን አምጡት።»

ከመፈረማቸው በፊት ዶክተሩ በሰውነታቸው ውስጥ ብረት ይኖር እንደሆነ ጠየቃቸው። አውራ ጣታቸውን አሳዩት፤ ከዓመታት በፊት የተሰበረ የሰዓት ሽቦ ገብቶ እዚያው ቀርቷል። ዶክተሩ በስልክ ከቦርዱ ጋር እስኪነጋገርበት ድረስ እኛው መሞከር አማረን። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ከነበረ የተበላሸ ሬዲዮ ማግኔት አስፈትተን ጣታቸው ላይ አስጠጋን። «ይስባል?» አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። «አይስብም» አሉ፤ ቀጥለውም «ወይም አፍሮ ዝም ብሏል።» ዶክተሩ ነገሩን ቅጹ ላይ ጻፈው፣ እዚያም ሲደርሱ እንዲናገሩ አስጠነቀቃቸው። በምን ቃል እንደጻፈው አየሁ። ከዳር እስከ ዳር በአንድ ቋንቋ ነበር።

ሄዱ። ከወራት በኋላ ተመለሱ። ከጆሯቸው በላይ ፀጉር የማይበቅልበት ረጅም ጠባሳ ይዘው፣ በጨርቅ ቆብ ሸፍነው መጡ። የበቀለው ነገር ወጥቷል። ብሎን አንድ ብቻ ሆኖ ይታያቸዋል። የግራ እጃቸው ጣቶች ግን እንደ ቀድሞው አልሆኑም። የእጅ ሰዓት መቀበል አቆሙ፤ የግድግዳና የጠረጴዛ ሰዓት ብቻ መሥራት ጀመሩ። ይህን ሲነግሩኝ ቅሬታ አላሰሙም፤ ግን ትንንሾቹን መሣሪያዎች ጠርገው በጨርቅ ጠቅልለው ሲያስቀምጡ ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው።

ስለ መሣሪያው ጠየቅኋቸው። ሳልጽፍ ሰማሁ። ጠባብ ነው፣ አሉ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሚስማር እንደሚመቱ ሰዎች ያንኳኳል፤ ደግሞ ድንገት ዝም ይላል። አስተርጓሚዋ እንዳይነቃነቁ ነግራቸዋለች።

«ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ምን አደረጉ?»

«ዘመርኩ» አሉ። «አፌን ሳልከፍት። የማውቀውን ሁሉ።» ይህን ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም፤ በሩም ክፍት ነበር።

ፊልሙን ይዘውት መጥተዋል። ትልቅ፣ ጥቁር፣ በብዙ ረድፍ የተደረደሩ ቁርጥራጮች ያሉበት ነው። መስኮቱ ላይ አስደግፈነው ብርሃን አስገባንበት። ከአናት በኩል ካለው የመጀመሪያ ቁራጭ ጀምሮ እስከ ታችኛው ድረስ አንድ በአንድ አሳዩኝ። አንድ ቦታ ላይ የቡና ፍሬ የምታክል ነጭ ነገር ብቅ ትላለች፣ በሚቀጥለው ትሰፋለች፣ ከዚያ ትጠፋለች። «እሷ ናት» አሉ፣ የሸሸ ዕዳተኛ ያገኙ ይመስል በጣታቸው እየጠቆሙ።

በዚህ መሃል አንድ ካድሬ የጠረጴዛ ሰዓቱን ሊወስድ ገባ። በአካባቢው የሚታወቅና የሚፈራ ሰው ነው። ፊልሙን ሲያይ የመጣበትን ረስቶ ከመስኮቱ አነሣው።

«ይህ ምንድነው?»

«የኔ ራስ ነው» አሉ ሰዓት ሠሪው።

ካድሬው ወደ ብርሃኑ ዞሮ ፊልሙን ከፍ አድርጎ ያዘ። ከላይ እስከ ታች አየው፣ ወደ ዓይኑ አስጠጋው፣ አራቀው። እኔ የማየው ፊልሙን ሳይሆን የሰዓት ሠሪውን ፊት ነበር። ገጼን በቆርቆሮው ውስጥ አራት ላይ አጥፈው የደበቁት ሰው ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈው፣ ተማሪው መልሱን እስኪያገኝ እንደሚጠብቅ መምህር ተቀምጠዋል።

«ብዙ ነገር አለበት» አለ ካድሬው።

«ብዙ አለበት» አሉ። ከዚያ ተነሡና ፊልሙን ከእጁ በቀስታ ወሰዱ። «ጓድ፣ ዘቅዝቀው ነው የያዙት» ብለው አዙረው መልሰው ሰጡት።